ባሌን አድኑልኝ

በላውንደሪው ውስጥ ባልየው ይተኩሳል፣ ሚስትየው ደንበኛ ታስተናግዳለች። የተበጠሰ ቁልፍ የምትተክለውም እሷ ናት። ጎን ለጎን ሲሠሩ ዕድሜያቸውን ገፉ፤ ከተራ ኩርፊያ በቀር ክፉ ነገር አልነካቸውም። ዘንድሮ ግን ባልየው ታመመ። መታመሙን ቀድማ ያወቀችው ደግሞ ሚስትየው ናት።

መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይለው ጀመር። እንፋሎት በሚተፋ ካውያ ፊት ቆሞ ሹራብ በሹራብ ላይ ይደርባል። እሷ መስኮቱን ስትከፍት እሱ ይዘጋል። መልሳ ስትከፍት ተስፋ ቆርጦ ሻርፑን ይጠመጥማል።

«በዚህ ሙቀት ሻርፕ!» አለች አንድ ቀን ሱፋቸውን ሊወስዱ ለመጡ ጡረተኛ መምህርት። «እስቲ ይዩልኝ፣ ጤነኛ ሰው እንዲህ ይሆናል?»

መምህርቷ እጃቸውን ከካፖርታቸው ኪስ ሳያወጡ ባልየውን በሐዘኔታ አዩት።

«ምስኪን» አሉ።

ቀጥሎ ዘገምተኛ ሆነ። እሱ ከአንዲት ሸሚዝ ኮሌታ ጋር ሲታገል እሷ ወለሉን ጠርጋ፣ የጠረገችውን ደግማ ጠርጋ፣ መስታወቱን ወልውላ፣ የተሰቀለውን ልብስ ሁሉ በቀለም ለይታ ትጨርሳለች።

«ኤሊ ብንቀጥር ይሻለን ነበር!» ትለዋለች።

እሱ ፈገግ ይላል። ፈገግታውም ቢሆን ጊዜ ይፈጃል።

ሲተኛ ደግሞ ጉድ ነው። ራሱ ትራስ ከመንካቱ ያንኮራፋል። ሚስትየው ጎኑ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። እንዲህ የሚተኛ ሰው ሳይነቃ ቢቀርስ? ይህን ስታስብ ልቧ ድው ድው ይላል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዐይኗ አይዞርም።

ሙያውም ከዳው። የእሷን ቀሚሶች በካውያ እየለጠጠ አንድ በአንድ አሰፋቸው።

«ጉርድ ቀሚሴ መንገድ ላይ ሊያዋርደኝ ነበር!» ብላ ጮኸችበት። «ዕድሜህን ሙሉ ተኩሰህ የሚስትህን ልብስ እንዲህ ታደርጋለህ?»

ባልየው ጉርዱን ተቀብሎ ወገቡን አገላብጦ አየው። ከዚያ እሷን አያት። ሚስትየው ዝምታውንም ከበሽታው ጋር ደመረችው።

ጭንቀቱ እሷንም ጎዳት። ብትበላ ብትበላ ሥጋ አልይዝ አላት፤ ሐሳብ ያለበት ሰው መቼ ያምርበታል? ቁልፍ ስትተክል እጇ እየተንቀጠቀጠ መርፌው ጣቷን ይወጋታል። «አንተ ነህ የምትጨርሰኝ» እያለች ታለቅሳለች። ከልቧ ነበር። በጣም ፈርታለች። እሱ ከሌለ ቤቱም ሱቁም ምኗም አይደለም።

አንድ ጠዋት ለጠብ ተዘጋጅታ ፊቱ ቆመች። «ዛሬ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!»

ባልየው ካውያውን ነቅሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። «እንሂድ» አለ።

ቶሎ እሺ ማለቱ ይበልጥ አስደነገጣት። ለካ እሱም ተሰምቶታል።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ባልየው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሚስትየው እየተንጎራደደች በሽታውን ከብርዱ እስከ ጉርድ ቀሚሱ ዘረዘረችለት። ሐኪሙ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላዋን እያየ አዳመጠ።

«የታይሮይድ እጢ ሊሆን ይችላል» አለ። «አንገት ላይ ያለች ትንሽ እጢ ናት። እሷ ስትዛባ ልብም፣ እንቅልፍም፣ ኪሎም አብሮ ይዛባል። አንገት ዳስሰን ደም እንወስዳለን።»

ባልየው ከነወንበሩ ወደ ግድግዳው ሸሸ። «እኔ መርፌ እፈራለሁ።»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!» አለች ሚስትየው። ካውያ ሲያቃጥለው የሚስቅ ሰው ነበር። «አንተ ትልቅ ሰውዬ፣ አታፍርም?»

«አንቺ ቀድመሽ ታዪ። ካላመመሽ እኔም እታያለሁ።»

ሚስትየው ሐኪሙን በእፍረት አየችው፤ ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሐኪሙ አንገቷን ዳሰሰ። ምራቅ እንድትውጥ ነገራት። የልቧን ምት አዳመጠ። አንዲት ነርስም ክንዷን አሥራ ደም ቀዳች።

«አየህ? ቁንጫ እንኳን ከዚህ ይብሳል!» አለች ሚስትየው።

«ከተወሰደ አይቀር ይመርመር?» አለ ሐኪሙ።

«ይመርመር እንጂ! የጤነኛ ሰው ደም ምን እንደሚመስል ይይ!»

የክፍሉ ሙቀት ስላስመረራት ኮሪደሩ ላይ ወጥታ መንጎራደዷን ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ ባልየው ክንዱን በጥጥ ተጭኖ ብቅ አለ።

«ጨረስኩ» አለ።

«ጀግናዬ!» ብላ ሰው ፊት ሳመችው።

ውጤቱን ሊሰሙ የመጡ ዕለት እጁን ጨብጣ አልለቅ አለች። ሐኪሙ የክኒን ብልቃጥ እንደያዘ መነጽሩን አስተካከለ።

«እንደጠረጠርኩት ታይሮይድ ነው። እጢዋ ሥራዋን ከልክ...»

«ከልክ በታች! አውቄዋለሁ!» አለች ሚስትየው። «ዶክተር፣ ይድናል? እሱን ብቻ ንገረኝ!»

«ክኒኑ በሥርዓት ከተዋጠ፣ ክትትልም ካለ፣ በደንብ ይታከማል። ሳንቆይ መያዛችን ጥሩ ነው።»

ሚስትየው የባሏን አንገት አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ባልየውም ያን ሁሉ ጊዜ የቻለው እንባ አመለጠው። «እግዜር ይመስገን» አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም።

እሷ ክኒኑን ከሐኪሙ እጅ ቀምታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እሱ ሰነፍ ነው፣ አላምነውም። ጠዋት ጠዋት አፉን ፈልቅቄ ራሴ ነኝ የማስውጠው!»

ሐኪሙ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ኧረ እንዳያስውጧቸው! የባለቤትዎን ደም እኮ ጭራሽ አልወሰድንም።»