የዐርብ ብርጭቆ

ጋሽ ይልቃል ብርጭቆውን አሽትተው ሳይቀምሱ መልሰው ሲያስቀምጡት፣ ጠማቂዋ ሥራዋን የናቁባት መሰላት።

«አልወደዱትም?» አለች።

«ዐርብ እኮ ነው፤ ጾም ነኝ» አሉ አንጋፋው ቀማሽ። «በጾም ቀን በአፍንጫዬ ነው የምፈርደው። አፍንጫዬ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።»

ዝዋይ ላይ ተክላ ካሳደገችው ወይን የጠመቀችው የመጀመሪያ ሻርዶኔ፣ ነጭ የወይን ጠጅ ነበር። እሳቸው «አይረባም» ካሉ የእርሻው ባለቤቶች የወይን ተክሉን ነቅለው ሽንኩርት ሊተክሉበት ቆርጠዋል፤ ትራክተሩ ከማሳው ዳር ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል።

ደግመው አሸተቱ። ፊታቸው አልተፈታም።

«የትኛው ጥግ ላይ የበቀለ ነው?»

«ከሐይቁ ዳር፣ አሸዋማው ላይ። ቀን ፀሐይ ቢያቃጥለውም ማታ የሐይቁ ነፋስ ያበርደዋል። ለዚያ ነው ሎሚ ሎሚ የሚሸተው።»

«መች ሎሚ አልኩሽ?»

ሾፌራቸው በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ እንሂድ? ሳይመሽ አዲስ አበባ እንግባ።»

ለሦስተኛ ጊዜ አሸተቱ፤ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«አንተ ሂድ» አሉት። «ስትወጣ የትራክተሩን ነጂ ሞተሩን አጥፋው በለው።»

ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «እዚህ አገር ቅዳሴ ስንት ሰዓት ይወጣል?» አሏት።

«ዘጠኝ ሰዓት።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆንም ከብርጭቆው ፊት አልተነሡም።