የላይኞቹ ልጣፎች

ልብስ ሰፊዋ ካርቶኑን ያገኘችው የባሏን ኮት ቁልፍ ልትተክል ስትል ነው። የውስጥ ኪሱ ውስጥ ተወሽቋል። ላዩ ላይ አንዲት ሴት ሠላሳ ሁለት ጥርሷን አውጥታ ትስቃለች። የጥርስ ማንጫ ነው፤ ቤት ውስጥ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ።

ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። ባልዬው መኪና መንዳት ያስተምራል። አንዷ ሴት ስትወርድ ሌላዋ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ውሎው ይኸው ነው።

ለምሳ ሲመጣ አፍንጫው ሥር አቀረበችለት።

«ይሄ የማነው?»

«እ... የጓደኛዬ ነው። ግዛልኝ ብሎኝ።»

«ጓደኛህ እግር የለውም?»

«ያፍራል።»

አማቷ ሶፋው ጥግ ተቀምጠው ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። የረገፈው የታች ጥርሳቸው በነጭ ሰው ሠራሽ ከተተካ ወዲህ እንዲህ ናቸው፤ «ገና አልለመድኩትም» እያሉ አፋቸውን ሸፍነው ነው የሚያወሩት። የሚወዱትን ሻይ እንኳ ትተዋል። ልብስ ሰፊዋ ግን በዚያ ሰሞን የሰው ሻይ የምትቆጥርበት ልብ አልነበራትም።

ባሏ ሲያዛጋ ጠብቃ አፉን አየች። ጥርሱ እንደ ድሮው በቆሎ ይመስላል። እንግዲያው ለራሱ አይደለም።

በማግስቱ የሰፈሩ ፋርማሲ ሄደች። ፋርማሲስቷ ልጅ እግር ናት፤ ጥርሷ በረዶ። ልብስ ሰፊዋ እሷም ላይ ወዲያው ጥርስ ነከሰችባት።

«ጥርስ የሚያነጣ ምን ምን አላችሁ?»

«ይሄ ጄሉን ላስቲኩ ውስጥ ሞልተሽ ጥርስሽ ላይ የምታጠልቂው ነው። ኃይለኛ ነው፣ ድድ ይለበልባል። ይሄ የከሰል ዱቄት፤ ርካሽ ነው፣ ግን ጥርስ ይፍቃል። ይሄ ደግሞ የሚለጠፈው። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ግን ለስላሳ ነው። ባለፈው አንድ ሰውዬ መጥቶ ‹ድዷ ለሳሳ ሴት የትኛው ይሻላል?› ሲለኝ ይሄን ነው የሰጠሁት።»

«ሴት አለሽ?»

«አዎ! ደግሞ ‹አደራ እንዳያማት› እያለ። እንዲህ የሚሳሳ ወንድ ዛሬ የት ይገኛል እቴ!»

ልብስ ሰፊዋ ጄሉን ገዛች፤ ኃይለኛውን።

ቤት ገብታ በር ዘግታ አጠለቀችው። ድዷ እሳት ሆነ። መስታወት ፊት ቆማ እንባዋ ወረደ።

«ለእኔ ድድ ማን አሰበ!»

አማቷ ሰምተው ገቡ፤ የግድግዳውን ሰዓት ታቅፈዋል። ሁሉንም ዘረገፈችላቸው።

«ተይ ልጄ፣ እሱ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ማልልሻለሁ።»

«እርስዎማ እናቱ ነዎት፤ ምን ይበሉ!»

«በእግዜር ፊት ነው የምልሽ» አሉ ከሻርፑ ሥር። ሌላም ሊጨምሩ ፈልገው መልሰው ዋጡት። «በይ፣ ይሄ ሰዓት ደግሞ ቆመብኝ። ምድር ቤት ላሉት ሰዓት ሠሪ ሽማግሌ ላሳያቸው።»

ያ ሰዓት በዚያ ወር መቆም አብዝቶ ነበር።

ባሏ ለጓደኛዬ ልስጠው ብሎ ወስዶት የነበረውን ካርቶን እንደገና ያገኘችው መታጠቢያ ቤት፣ ከፎጣዎቹ ጀርባ ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ትፈትሸው ጀመር። ለላይ ጥርስ የተባሉት ልጣፎች ይጎድላሉ። ለታች የተባሉት አንዳቸውም አልተነኩም። ባልዬው እየሰረቀ ይወስድላታል ማለት ነው። ላይኛውን ብቻ የምትለጥፍ ምን ዓይነት ሴት ናት? ስትስቅ የሚታየው እሱ ነዋ! ቸኩላለች። ልብስ ሰፊዋ ለጸሎት ቆማ እንኳ ፊቷ ላይ ድቅን የሚለው የዚያች ሴት ጥርስ ሆነ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። የላይኞቹ አልቀዋል።

«ወይ ዛሬ እዚሁ ጠርተህ ታሳየኛለህ፣ ወይ ሻንጣዬ በር ላይ ነው!»

ባልዬው እናቱን አየ። እናቱ ወለሉን አዩ።

«ቃል ገብቻለሁ» አለ ላብ በላብ ሆኖ። «እኔ መናገር አልችልም።»

«ለሷ ቃል ገባህላት? ለሷ!» ሻንጣዋን አነሳች። በሩን በኃይል ስትከፍተው ሊያንኳኩ እጃቸውን ካነሱ ሰው ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠች።

የምድር ቤቱ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ያንን የግድግዳ ሰዓት ታቅፈዋል። በልብስ ሰፊዋ ትከሻ ላይ አሻግረው ወደ ሶፋው ጥግ እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰዓቱስ ደህና ነው እመቤቴ» አሉ። «ድሮም ደህና ነበር።»

አማቷ ሻርፓቸውን ከአፋቸው ላይ አውርደው ሳቁ፤ ላይና ታች አንድ ዓይነት፣ ድፍን ነጭ።