ጆሮ ያለው ሰዓት

ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ፤ ይቺ ታሪክ አንዲት ጠብታ ውሸት የለባትም። ጡረተኛው መምህር፣ ልጃቸው ለልብ ሕመማቸው የገዛችላቸውን ዘመናዊ ሰዓት አስረው ታክሲ ገቡ። መንግሥትን ሲቦጭቅ የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ ሰዓቱ ቦግ ሲል አፉን ዘጋ።

«ይቀዳል!» አለች አንዷ ጎረቤቷን ጎሸም አድርጋ። «ሰውዬው ጆሮ ጠቢ ነው።»

ወዲያው ሰዓቱ ይጮህ ጀመር። መምህሩ ደረታቸውን ጨብጠው፣ «ልጆቼ፣ ልቤ… ሐኪም ቤት አድርሱኝ» አሉ።

«ማስመሰል ነው፤ ሊያወጣጣን ነው!» አለ አንድ ጎልማሳ። «ወራጅ አለ!»

«ወራጅ አለ!» እያለ ሁሉም ተንጋግቶ ወረደ፤ ሹፌሩ እንኳ ታክሲውን ጥሎ ሮጠ።

መምህሩ ወንበሩ ላይ ተዘረሩ። አንዲት ሴት ብቻ ተመልሳ፣ ነፍሳቸው እስክትወጣ እጃቸውን ይዛ ቆየች።

እሺ፣ ሴትዮዋን እኔ ነኝ የፈጠርኳት።