ትልቁ ኳስ

ከሳንቃ በር ሁለት የፓርክ ጠባቂ ስካውቶች የአንዱ ዓይን ከድቶታል ተባለ። የየትኛው እንደሆነ ግን አልተለየም።

ወሬው የተነሣው በጉም ቀን ነው። ክንዴና ገዱ ቱሪስት አስከትለው በገደሉ አፋፍ ሲሄዱ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ነጭ ድንጋይ አይተው «ገና ሩቅ ነው» አሉት። ድንጋዪቱ ትንሽ ስለነበረች ሩቅ መሰለች እንጂ ገደሉ ሁለት እርምጃ አይሞላም ነበር። በቅሎ ነጂው ሰውየውን በቦርሳው ማንገቻ ጎትቶ አዳነው።

«አንደኛችሁ አጥርቶ አላየም፤ ሌላው ሰምቶ ደገመ» አለ አለቃቸው። «ዓይኑ የደከመው ጠመንጃውን አስረክቦ ይሄዳል።»

ሰው ሁሉ ገዱን ጠረጠረ። ለኪዳነምሕረት ዝክር ጠላ ሲቀዳ ከዋንጫው ውጭ አፍስሷል። የመጋዘኑ ደፍም አደናቅፎታል። ስድስት ልጆች አሉት፤ ከደመወዙ ሌላ ያለችው አንዲት ጭንጫ መሬት ናት።

ክንዴ ቢጠየቅም ትንፍሽ አላለም። ዝም አይነቅዝም። ደረስጌ ድጓ የተማረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከገዱ ጋር ሲሄድ እንኳ ሁልጊዜ ቀኙን ይለቅለታል፤ ሰዉም ትሕትናውን ያነሣለታል።

የዓይን ባለሙያዋ ሠርካለም ከጎንደር መጣች። መጋዘኑን በከፊል አጨልማ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ሁለት ነጭ ኳሶች በክር አንጠለጠለች፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። አንዴ ትልቁን፣ አንዴ ትንሹን እያቀረበች ዐሥር ጊዜ ትጠይቃለች።

«ሁለቱንም ዓይናችሁን ግለጡና የሚቀርበውን ንገሩኝ» አለች። «ሁለት ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው በትልቅነት አይታለልም።»

መጀመሪያ ገዱ ገባ።

«ትልቁ» አለ። ደግማ ብትጠይቀው አሁንም «ትልቁ» አለ። ስምንቱን ሳተ።

ክንዴ ተተካ። መቋሚያ የያዘ ይመስል፣ በለሆሳስ እያዜመ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይወዛወዝ ጀመር።

«ጋሼ፣ ማኅሌት ላይ ነዎት እንዴ?» አለች ሠርካለም እየሳቀች።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው ልጄ። ሳላዜም ልቤ አይረጋም።»

ተወችው። ሲወዛወዝ ቅርቡ ኳስ ከሩቁ ይበልጥ ወዲያና ወዲህ ይሸሽለት ነበር፤ አንዱንም አልሳተም።

ገዱ ጠመንጃውን አስረከበ። «እኔኮ ደኅና የማይ ይመስለኝ ነበር» አለ። በጣም አፍሮ ነበር።

ማታውኑ በአይሱዙ ተጭነው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ገዱ በክንዴ ቀኝ ተቀምጦ፣ ድምፁን ሳያሰማ መንገዱን ሙሉ አለቀሰ። ክንዴ አላየውም። ሲለያዩ «እግዜር ያውቃል፣ አይዞህ» ብሎ እጁን ጨበጠው። ደስታም ሐዘንም አልተሰማውም። እግሩ ብቻ ደንዝዞ ነበር።

ሚስቱ ዘቢደር ደጃፉ ላይ ትጠብቀው ነበር።

«አወቁብህ?» አለችው፣ እንደ ወትሮዋ በሚያየው በግራ ዓይኑ በኩል ቆማ።