የታመሙ ዲስኮች ሳጥን

ፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ከዲስክ ጋር የሚነጋገርበትን ኮድ ይጠግናል። ኮዱ ክፉ አመል ነበረው። ዲስኩ ላይ አንዲት የተበላሸች ቦታ ካጋጠመችው «በቃኝ» ብሎ የቀረውን በሙሉ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። የተበላሸውን ዘሎ እንዲቀጥል የሚያደርገውን ማስተካከያ ሲጽፍ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ለደሞዙ ብቻ ብሎ አልነበረም። እህቱ አንድያ ልጇን ከቀበረች ዓመት ሊሞላት ነው። የልጅቷ ድምፅ ያለው አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ወድቆ ተጎድቷል።

«ወንድምዓለም፣ አንዴ ስትስቅ ብሰማት ይበቃኛል» አለችው በስልክ።

«ሰኞ ትሰሚያታለሽ፣ እታለም። ለእኔ ተይው።»

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የግል ሥራ ክልክል ነው። ዲስኩን ጃኬቱ ውስጥ ደብቆ አስገብቶታል፤ መውጫው ላይ ግን ፍተሻው ጥብቅ ነውና እስኪጨርስ እዚያው ማቆየት ነበረበት። ከተያዘ ዲስኩ ይወረሳል፣ እሱም ይባረራል።

ከሁሉ የሚያሰጋው አጠገቡ የሚቀመጠው ባልደረባው ነው። ወደ አለቃው ቢሮ ስለሚመላለስ ሁሉም «ጆሮ» ይሉታል። ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ ይሰማል። ሰሞኑን ደግሞ ዓይኑን ከፕሮግራመሩ ላይ አልነቅል ብሏል።

«ከስተሃል እኮ። ምን ሆነህ ነው?» አለው ዓርብ ከሰዓት።

«አንተን ምን አገባህ?»

ጆሮ ከወንበሩ ተነሣ። ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ያኔ ለፕሮግራመሩ ዘዴ መጣለት። ግድግዳው ሥር፣ አዲስ ኮድ የሚሞከርባቸው የታመሙ ዲስኮች ሳጥን አለ። ማንም ከቁብ የማይቆጥረው ቅራቅንቦ ነው። የልጅቷ ስም ያለበትን ወረቀት ከእህቱ ዲስክ ላይ ላጠው፤ እንደ ሌሎቹ ቀይ ፕላስተር ለጠፈበትና ከግራ አራተኛ አድርጎ ሸጎጠው። እሱ ራሱ እንኳ ቦታውን ባያውቅ አይለየውም ነበር። በብልሃቱ ኮራ።

የመጨረሻዋን መስመር ጽፎ ኮዱን ለሙከራ ዝግጁ ሲያደርግ የመውጫ ሰዓት ደረሰ።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይቀድመው ሊገባ ገሠገሠ። ጆሮ ቀድሞታል። ፕሮግራመሩ በቀጥታ ሳጥኑን አየ። ዲስኮቹ እንዳሉ ናቸው። ከግራ አራተኛውም በቦታው አለ። እፎይ አለ። «በከንቱ ደክመሃል!» ሲል በሆዱ በጆሮ ላይ ሳቀበት።

«እህትህ ሐዘን ላይ መሆኗን ሰምቼ ላግዝህ ብዬ ቅዳሜም እሁድም ገባሁ» አለ ጆሮ፣ ዓይኑ በድካም ቀልቶ። «አለቃን ለምኜ የሁለት ቀን ዕረፍት አስፈቅጄልሃለሁ፤ ሄደህ አጽናናት። ስለ ኮድህም አታስብ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ዲስኮች አንድም ሳላስቀር ያለባቸውን እየደመሰስኩ በኮድህ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜሮ ሞላኋቸው፤ አንዱም ላይ አልቆመም።»