ቆጣሪው የጣለ ዕለት

«ዛሬ ብቻ ምንም አይንኩ፤ ምንም አይናገሩ፣ አያቴ» አለች ራትሪ።

ሱሚራህ በገዛ ቤታቸው ጥግ ይዘው፣ ለገበያ የሚያወጡትን ቴምፔ የሚባል የአኩሪ አተር ምግብ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላሉ። ፊደል አልቆጠሩ፤ ማን ሰው ብሎ ይሰማቸዋል! ራትሪ ሸሚዟን ልትተኩስ ካውያውን ስትሰካ «ሩዙ ኤሌክትሪኩ ላይ ተጥዷል እኮ!» ብለው ነበር። መልሷ ይኸው «አይናገሩ» ነው።

የልጅ ልጃቸው አሁን ላፕቶፗ ፊት አንገቷን አስግጋለች። ከጃካርታ ሆኖ በስክሪኑ ለሥራ የሚፈትናት ሰው ጉናዲ ይባላል። የምትወዳደርበት ሥራ የአንድ ትልቅ ድርጅት ኮምፒውተሮች እንዳይቆሙ መጠበቅ፣ ከቆሙም ማስነሳት ነው። «ዘበኛ ልትሆኚ ነዋ!» ብለዋት ትናንት ተኮራርፈዋል። ሁለት ቦታ ተፈትና ወድቃለች፤ ይኼም ካመለጣት ሰኞ ጫማ ፋብሪካ ገብታ ሶል ስትለጥፍ ልትውል ነው። ሱሚራህ ሳያውቁት የሚጠቀልሉበትን ቅጠል ይተረትራሉ።

ከጓሮ የጉድጓዱ ፓምፕ በራሱ ተነስቶ ማጓራት ጀመረ። ታንከሩ ጎድሏል ማለት ነው። ሱሚራህ ቅጠሉን ጣሉት።

ቀጭ! ማራገቢያው ቆመ፤ ኢንተርኔቱ ተቋረጠና ስክሪኑ ላይ የሰውየው ፊት አፉን እንደከፈተ ደረቀ።

«ወይኔ! አለቀልኝ!» ራትሪ በረንዳው ላይ ወዳለው ቆጣሪ ሮጣ ማብሪያውን መለሰችው። ቀጭ፤ ጣለ። ደግማ መለሰችው። ቀጭ።

«ዞር በይ ወዲያ!» ሱሚራህ መጀመሪያ ገብተው ካውያውን ነቀሉ፤ ከዚያ ወጥተው ማብሪያውን መለሱት። ማራገቢያው ዞረ። ፓምፑም ማጓራቱን ቀጠለ።

ጉናዲ ስክሪኑ ላይ ተመለሰ። «ምን ሆነ?»

«ይቅርታ ጌታዬ፤ አያቴ የሆነ ነገር ነክተው ነው።»

ሱሚራህ በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

«ማን ነካ አላልኩሽም፣ እህቴ። ምን ሆነ? ነገስ እንዳይደገም ምን ታደርጊያለሽ? እንዲያውም ይኼ የዛሬው ዋና ጥያቄዬ ይሁን።»

ስለ ሺህ ኮምፒውተር ስትተነትን የቆየች ልጅ፣ የራሷ ቤት መብራት ምላሷን ያዛት። «ቆጣሪው... ያረጀ ይመስለኛል።»

«አላረጀም!»

ሱሚራህ ትኩሱን ካውያ አንጠልጥለው መጥተው ካሜራው ፊት ገተሩት። ጃካርታ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ጌታው፣ አንዴ ይታገሱን» አሉና ወደ ራትሪ ዞሩ። «አንቺ! ስሜን ከዚህ አውጪልኝ። ምን መቼ እንደተሰካ፣ ፓምፑ በምን ላይ ተደርቦ እንደተነሳ በተራ በተራ ንገሪያቸው። ከሩዙ ጀምሪ፤ እሱን የጣድኩት እኔ ነኝ።»