ከባዱ አፈሙዝ

ማክሰኞ ዌድ ከተኩስ ሜዳ መልስ መኪናውን እንደ ልማዱ ከሎርና ድርቆሽ መጋዘን ጀርባ አቁሞ በጓሮ በር ገባ። ሎርና የአጋዘን ሥጋ ከድንች ጋር ቀቅላ ትጠብቀው ነበር። ጎን ለጎን ተቀምጠው በሉ። ሁለቱም ግራኝ ስለሆኑ ክርናቸው አይጋጭም፤ ሎርና በእነዚህ አራት ዓመታት ይህችን ነገር እንደ ትልቅ ጸጋ ቆጥራ ይዛታለች።

ሳህኑ ሲነሳ ዌድ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«የአባትሽ ልጅ፣ እስቲ ፍረጂኝ» አላት። «የትኛውን አፈሙዝ ልምረጥ?»

የሎርና አባት ዕድሜውን ሙሉ ጠመንጃ ሲገጣጥም የኖረ ሰው ነበር፤ እሷም ያደገችው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋችው። በልክ የሚሠራ የሩቅ ተኩስ ጠመንጃ ነው፤ በዋዮሚንግ ተራሮች ላይ ለሚታደነው የዱር በግ። ሁለት ዓይነት አፈሙዝ ተጽፎበታል፤ አንዱ ሃያ ስምንት ኢንች ወፍራም ብረት፣ ሌላው ሃያ ሁለት ኢንች፣ ቀጭንና ቀላል ሆኖ በካርቦን ክር የተጠቀለለ።

«ተሸካሚው ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«እንግዲያው ብረቱ ነዋ። በሬ የሚያህል ትከሻ ይዘህ ላባ ምን ያደርግልሃል? ወፍራም ሲሆን ቶሎ አይግልም፣ ከእጅም አይዋልልም።»

«ቀላሉ ይሻላል እያልኩ ነው» አለ ዌድ፣ እሷን ሳይሆን የጨው መያዣውን እያየ። «ዳገቱ ረጅም ነው።»

ሎርና ወደ ታች አነበበች። ከሰደፍ እስከ ምላጭ፣ አሥራ ሁለት ኢንች ተኩል፤ የአጭር ክንድ ልክ ነው። ማቀባበያው በቀኝ።

ቁጥሩን ደግማ አነበበችው። የዌድ ክንድ የበር መቃን ያክላል። የእሷም ቢሆን አጭር አይደለም። በቀኝ ደግሞ ሁለቱም ተኩሰው አያውቁም።

«ክንድህ መቼ አጠረ?»

«እ... ለወዳጄ ነው እንጂ። ለራሴ ያልኩሽ ለቀልድ ነው።»

«ወዳጅህ ድንክ ነው?»

«ሎርና!» ብሎ ሳቀ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሊታጠብ ተነሳ። አደን ባለበትም በሌለበትም ወር የሚታጠበው ሽታ በሌለው የአዳኝ ሳሙና ነው። አውሬ የሰው ጠረን ከሩቅ ይለያል ይላል። እሷም ለእሱ ስትል ሽቶ ከተወች ቆይታለች። ሽቶ ብቻም አይደል። እህቷ ኦሪገን ሥራ አግኝታላት «ነይ» ስትላት፣ «ዌድን ጥዬ የት እሄዳለሁ» ብላ የቀረችው ለእሱ ብላ ነው። አሁን እሱ ጥሏት ቢሄድ ባዶ እጇን መቅረቷ ነው።

እስከ ሐሙስ ድረስ ጠመንጃው የሚሠራላትን ሴትዮ በሐሳቧ ስትስላት ሰነበተች። አጭር ክንድ፣ ቀኝ እጅ፣ ዳገት የማይፈራ እግር። ወጣት ትሆናለች። ዌድ ከኋላዋ ሆኖ ትከሻዋን እያስተካከለ «ትንፋሽሽን ያዥ» ሲላት ታያት። ለሎርና በአራት ዓመት ውስጥ የገዛላት አንድ የእጅ ባትሪ ነው። ለዚያች ግን ጠመንጃ! ያውም እንደ ቀሚስ በልኳ!

ሐሙስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነድታ፣ ስሙን ከወረቀቱ አናት ላይ ካነበበችው ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ደረሰች። ኦርቫል የሚባል ሽማግሌ ነው።

«ዌድ ልኮኝ ነው» አለችው። «አፈሙዙን ይለውጡልኝ ብሏል።»

«ከዌድ ቧንቧ መሸጫ ሱቅ ነሽ የኔ ልጅ? ሠራተኛው ነሽ?»

«አዎ።» ውሸቱ እንደ ውሃ ወረደላት። «ቀላሉ ቀርቶ ሃያ ስምንቱ ይሁን ብሏል። ወፍራሙ።»

ኦርቫል መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ልኳን ሳየው እኮ ሚጢጢ ሴት ናት! ትናንትና በስልክ ‹ክብደት እንዳይሰማት› ሲለኝ አልነበር? ይኸን ተሸክማ ዳገት ከወጣችማ በቅሎዋ ራሷ ሆነች ማለት ነው።»

«ጠንካራ ናት ብሏል።»

«እሱ ካለ ምን ገዶኝ። የሚጎብጠው የኔ ትከሻ አይደል።»

ሽማግሌው ወፍራሙን ብረት ከመደርደሪያው አውርዶ ክንዷ ላይ አጋደመላት። ሎርና ክብደቱ ሲሰማት ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አለ። ትሸከመው! ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ታልቅስ፤ ዌድም በዓይኑ ይያት።

«ይኸው ነው። ይግጠሙላት» አለች።

«አንድ ደህና ነገርስ አለው» አለ ኦርቫል መሳቢያውን እየጎረጎረ። «ዌድ አፈሙዙ ላይ ጽሑፍ ቅረጽልኝ ብሎኝ ነበር። ካርቦን አይቀረጽም ብዬ መለስኩት፤ ከፍቶት ነበር። በዚህ ብረት ላይ ግን እንደ ልብ ነው። ይኸውልሽ ወረቀቱ፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ፊደል እንዳልስት ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ሎርና ተቀበለችው። የራሱ የዌድ እጅ ጽሑፍ ነው።

«ለባለቤቴ ለጆሊን፣ ለተጋባንበት ሃያኛ ዓመት። ዌድ።»